ሁለት ጊዜ የተገለበጠው ቀይ መብራት

ለውድ አባቴ፣ ለአቶ ሸሪፍ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብ ይስማማዎታል? ክረምት ሲገባ ያ ሠላሳ ዓመት ፍሬን የረገጠው ቀኝ ጉልበትዎ እንደሚነሳብዎት አውቃለሁና በጨርቅ ጠቅልለው ይቀመጡ፤ እንደ ጎረምሳ በዝናብ አይሩጡ። እማዬስ እንዴት ናት? ስኳሯን ትለካለች ወይስ "ደህና ነኝ" እያለች ታታልላችኋለች? ናዲያስ የጥርስ ሕመሟ ተሻላት? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ሰሚያና ልጆቿም ጤነኞች ናቸው። ከዚህ በላይ "ደህና ነን" ብል ግን ውሸት ይሆንብኛል፤ ውሸት ደግሞ በዚህ ሳምንት በቅቶኛል።

ማክሰኞ ደውዬ የከድርን ስም ገና ከመጥራቴ "ያንን ሰው እንዳታነሺብኝ" ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት። ረቡዕ ደወልኩ፣ ዘጉት። ሐሙስ እማዬ አንስታ "ተይው ልጄ፣ ደሙ ፈልቷል" አለችኝ። እኔም የርስዎ ልጅ ነኝና እልህ ያዘኝ። ወረቀት እንደ ስልክ አይዘጋም ብዬ ይኸው ጻፍኩ። የሚያመጡልዎት የድሮ ባልደረባዎ ጋሽ ዘረሰናይ ናቸው፤ ነገ ከላምበረት መናኸሪያ ሲነሱ እሰጣቸዋለሁ። ጁነይድ፣ የምታነብላቸው አንተ ነህና አደራህን፣ አንድ መስመር እንዳትዘል። ቢቆጡም አንብብ። ተነስተው ቢወጡም ተከትለህ አንብብ።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርዎት፦ ከድር ቀይ መብራት አልጣሰም። ራሱ ደውሎ "ጥሼ ነው፣ አባባ" እንዳለዎት አውቃለሁ። ዋሽቶዎታል። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ግማሹ ደግሞ አብሬያቸው የምሠራው የጋሽ ጉደታ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሉ የለ፣ እሱ ነው የሆነው። እርስዎ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ረዳት አድርገው ወስደው፣ መሪ አስጨብጠው፣ ኋላም እህቴን ሰሚያን የዳሩለት ሰው አሁን እግሩ በጀሶ ታስሮ አልጋ ላይ ነው። መንጃ ፈቃዱ ፖሊስ እጅ ነው። እርስዎ ደግሞ "እንኳን ለመውሊድ ለለቅሶም ደጄን እንዳይረግጥ" ብለዋል። ሰሚያ ይህን ከሰማች ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም። ስለዚህ እስከ መጨረሻው ይስሙኝ።

ሰው ስለ ሥራዬ ሲጠይቅዎት "መብራት ነገር ትሠራለች" እንደሚሉ ሰምቻለሁ፤ ልክ ነዎት። እዚሁ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ዳገቱ ሥር ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ከጋሽ ጉደታ ጋር ቀለም የሚቀያይሩ የኤልኢዲ ሰሌዳዎች እንሠራለን፤ ለሱቅ፣ ለፋርማሲ፣ ለመንገድ። በሐምሌ ዝናቡ ወደ እንጦጦ የሚወጣውን መንገድ ግማሹን ናደውና መኪና በቀረው ጎን ተራ በተራ እንዲያልፍ ሆነ። አራት መቶ ሜትር ያህል ነው፤ መሃሉ ላይ ስለሚጠማዘዝ ከላይ የቆመ ከታች የቆመውን አያይም። መንገዱን የሚጠግነው ተቋራጭ በሁለቱም ጫፍ መብራት እንድናቆም አዘዘን። ለላዩ አረንጓዴ ሲበራ ለታቹ ቀይ ነው። ከዚያ መንገዱ ላይ ያሉት ወጥተው እስኪያልቁ አንድ ደቂቃ ተኩል ሁለቱም ጫፍ ቀይ ይሆናል። ከዚያ ተራው ለታቹ ይደርሳል። እቺን ሁለቱም ቀይ የሚሆኑባትን ደቂቃ ተኩል ልብ ይበሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያች ላይ ነው።

ሁለቱን መብራቶች የምታዝ የመዳፍ ስፋት ያላት ኮምፒውተር አለች። እኔ የጻፍኩት ፕሮግራም ከላይ ሆኖ "አሁን ቀይ" ይላል። መብራቱ ግን የኛን ቋንቋ አያውቅም። ትእዛዙን መሃል ላይ ተቀብሎ መብራቱ በሚገባው ቁጥር የሚያደርስ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ እሱን የጻፉት ጋሽ ጉደታ ናቸው፤ ከኮምፒውተሯ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር ተጣብቆ ይኖራል። ስሙ ድራይቨር ነው፤ ሥራው ግን፣ አይሳቁብኝና፣ የረዳት ነው። ተሳፋሪው ከኋላ "ወራጅ አለ" ሲል ረዳቱ ለርስዎ ያደርስልዎት እንደነበረው ማለት ነው። ይህ ረዳት ለእያንዳንዷ ትንሽ አምፖል ሦስት ቁጥር ይልክላታል፤ መጀመሪያ የቀይን፣ ቀጥሎ የአረንጓዴን፣ በመጨረሻ የሰማያዊን።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሰሌዳዎቹ ውሃ ገባባቸውና ተበላሹ። ነሐሴ 15፣ ሐሙስ ዕለት ጋሽ ጉደታ ከመርካቶ አዲስ ይዘው መጡ። መልካቸው ከድሮዎቹ አይለይም። ስሞክራቸው ግን ቀይ ብል አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ብል ቀይ ሆኑብኝ። ለካ አዲሶቹ መጀመሪያ የመጣውን ቁጥር የሚወስዱት ለአረንጓዴ ኖሯል። ከባድ ነገር አይደለም፤ የሁለቱን ቦታ ማለዋወጥ ነው። ለጋሽ ጉደታ መንገር ነበረብኝ። ግን እሳቸው መርጠው የገዙትን ዕቃ፣ ያውም የተቋራጩ ሰዎች ደጅ ላይ ቆመው፣ "ሳያዩት ነው የገዙት" ልበላቸው? አስተማሪዬ ናቸው። ይሉኝታ ያዘኝ። ዝም ብዬ በኔ ፕሮግራም ውስጥ ቀይና አረንጓዴን አለዋወጥኩ። ሁለት መስመር ናት። ማንም አላየኝም፤ እንዲያውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ በልቤ ደስ አለኝ።

እሳቸው ደግሞ በዚያው ምሽት አንዱን ሰሌዳ ቤታቸው ወስደው በድሮው ፕሮግራም ቢያበሩት ያንኑ አዩ። "ሀውላ ይህን ሳታይ ቀርታ ነው፤ ነገ በሰው ፊት ከምታፍር እኔ ላስተካክልላት" ብለው በድራይቨራቸው ውስጥ ቀይና አረንጓዴን አለዋወጡ። አርብ ዕለት ኮምፒውተሯ ላይ ጫኑት። ለኔ አልነገሩኝም። የድራይቨር ለውጥ ግን ኮምፒውተሯ ጠፍታ እስክትነሳ ድረስ ሥራ ላይ አይውልም። ቅዳሜ ሰሌዳዎቹን ስንሰቅል ደግሞ ባትሪ ስላላት አላጠፋናትም። መብራቱ በትክክል በራ። እኔ በኔ ነው አልኩ፣ እሳቸው በኔ ነው አሉ። ጎን ለጎን ቆመን ሽቅብ እያየን ሁለታችንም ፈገግ አልን። ሸሚዝ ተገልብጦ ቢገኝ አንድ ሰው ያቀናዋል፤ ሁለተኛ ሰው መጥቶ ደግሞ ቢገለብጠው ተመልሶ ያው ነው። እኛ ያደረግነው ይህንን ነው።

ሰኞ ነሐሴ 19 ቀን ንጋት ላይ ኤሌክትሪክ ጠፋ፤ ባትሪዋም አለቀች። አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ ኮምፒውተሯ የጋሽ ጉደታን ለውጥ ይዛ ተነሳች። ታዲያ ወዲያው እንዴት አልታወቀም ይሉኛል። አንዱ ጫፍ አረንጓዴ ሲሆን ሌላው ቀይ መሆኑ አልቀረም፤ ተራቸው ብቻ ተቀያየረ። ቢጫው እንኳ ቀይና አረንጓዴ አንድ ላይ በርተው የሚሠሩት ስለሆነ ቢገለበጥም ያው ቢጫ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ምንም ስህተት አያይበትም። ነገር ግን ሁለቱም ቀይ መሆን ባለባቸው በዚያች ደቂቃ ተኩል፣ ሁለቱም ጫፍ አረንጓዴ ይሆን ነበር።

ከድር ድንጋይ ጭኖ ከላይ ይወርዳል። ባርኮት የሚባል ሹፌር በሚኒባስ ሰው ጭኖ ከታች ይወጣል። ጠመዝማዛው ላይ ተገጣጠሙ። ያንን ቁልቁለት እርስዎ ያውቁታል፤ ጭነት የያዘ መኪና እንደተፈለገ አይቆምም። በግራው ገደል፣ በቀኙ ተራራ፣ ፊት ለፊቱ አሥራ ሁለት ነፍስ። ከድር መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘው። መኪናው ከአለቱ ጋር ተላትሞ ጋደለና እግሩን ሁለት ቦታ ሰበረው። የመኪናው ኋላ ሚኒባሱን ገጭቶ አቆመው እንጂ ወደ ገደሉ አልሰደደውም። አገርነሽ የሚባሉ እናት ክንዳቸው ተሰበረ፤ ሌላው ሰው በጭረት ተረፈ። ሮጬ ስደርስ ዝናቡ የከድርን ደም ከአስፋልቱ ላይ ያጥበው ነበር። የኔ እጅ እንዳለበት ገና አላወቅኩም።

ከድርም ባርኮትም "አረንጓዴ ነው ያየሁት" አሉ። ፖሊስ መብራቱን አየ፤ ላዩ ቀይ፣ ታቹ አረንጓዴ፤ በደንብ ይሠራል። እንግዲያው ከሁለቱ አንዱ ይዋሻል ተባለ። በዚያው ቀን ሰሚያ ሆስፒታል አጠገቡ ተቀምጣ "መብራቱን የሠራችው እኮ ሀውላ ናት" አለችው፤ ክፉ አስባ ሳይሆን ጨዋታ ይሆነዋል ብላ። ከድር ማክሰኞ ጠዋት መርማሪውን አስጠርቶ "ተሳስቼ ነው፣ ቀይ ነበር" ብሎ ቃሉን ለወጠ። ከዚያ ለርስዎ ደወለ። መርማሪው አርብ እኩለ ቀን ላይ ፋይሉን ሊዘጋው ቀጠረ።

ረቡዕ ኮምፒውተሯና ሰሌዳዎቹ ወደ ክፍላችን ተመለሱ። ብቻዬን ነበርኩ። አንዱን ሰሌዳ መስኮቱ ላይ፣ አንዱን በሩ ላይ አቁሜ አበራሁ። በሩ አረንጓዴ፣ መስኮቱ ቀይ። ደህና። ቢጫ። ደህና። ከዚያ ሁለቱም ቀይ የሚሆኑበት ተራ ሲደርስ ክፍሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ግድግዳው አረንጓዴ፣ እጄም አረንጓዴ። ዘጠና ሰከንድ ነው፤ ቆጠርኩት፤ ወላሂ እንዲህ ያለ ረጅም ጊዜ አሳልፌ አላውቅም። የድራይቨሩን ጽሑፍ ከፈትኩ። አርብ የተጫኑ ሁለት የተለወጡ መስመሮች አገኘሁ። በኔም ፕሮግራም ውስጥ የኔ ሁለት መስመሮች ቁጭ ብለዋል። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ጋሽ ጉደታ ሲገቡ ለሰላምታ እንኳ አልተነሳሁም። በጣቴ አሳየኋቸው። ብዙ ቆመው አዩት። "አንቺን እንዳላሳፍር ብዬ ነበር እኮ" አሉ። እኔም እርስዎን ብዬ ነበር አልኳቸው። ሄደን ለፖሊስ እንናገር ስላቸው እስከ ነገ ጊዜ ስጪኝ አሉኝ። ሃያ ዓመት የለፉባት ክፍል ናት፤ ገብቶኛል። ሐሙስ አልመጡም። ስደውል ስልካቸው ዝግ ነው። እንደገና ስደውል ዝግ ነው። ብቻዬን ብናገር ደግሞ ማን ያምነኛል? የሚስቱ እህት ናት፣ ልታወጣው ነው መባሌ አይቀርም።

የዚያኑ ቀን ለከድር ልነግረው ሆስፒታል ሄድኩ። ስነግረው አልደነገጠም። ኮርኒሱን እያየ "አረንጓዴ ማየቴን እኔ አጣዋለሁ?" አለኝ። ሰሚያ ልታበላው የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ለሷም ዋሽቷት ኖሯል። ታዲያ ምን ሆነህ ነው ጥሻለሁ ያልከው ብዬ ጮህኩበት፤ አስታማሚዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፍልዎት፦ "አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ፤ በዚህ ስምሽ ከተነሳ ማንም ሥራ አይሰጥሽም። እኔ መንጃ ፈቃዴን ቢወስዱት ተሸክሜም ቢሆን ልጆቼን አበላለሁ። ደግሞ የአባባ ልጅ ፖሊስ ጣቢያ ከምትቆም እኔ ልቁም።" እርስዎን ነው ያስቀደመው፣ አባዬ። እሱ ይህን ባደረገበት በዚያው ማክሰኞ ነው እርስዎ ስሙ እንዳይነሳብዎት ስልክ የዘጉት።

አርብ ጠዋት ኮምፒውተሯንና ሰሌዳዎቹን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ብቻዬን ሄድኩ። መርማሪው ሰምቶኝ ሲያበቃ የሚስቱ እህት እንደሆንኩ ጠየቀኝ። ነኝ አልኩ። እስቲ አሳዪኝ አለ። ሶኬቱ ላይ ሰካሁ። ምንም የለም። ኤሌክትሪክ ከሰፈሩ ሁሉ ጠፍቷል፤ የኮምፒውተሯ ባትሪ ደግሞ ከአደጋው ወዲህ ቻርጅ አትይዝም። መርማሪው እስከ ስድስት ሰዓት እጠብቅሻለሁ፣ ከዚያ በኋላ የራሱ የሹፌሩ ቃል ይበቃኛል አለኝ። ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ተኩል። አራት ተኩል። አምፖሉን አያለሁ፣ ሰዓቱን አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች ማዳበሪያው ውስጥ ምን እንዳለ ጠየቁኝ፤ እኔ ዓይኔን ከአምፖሉ አላነሳሁም። ዱዓዬ ሁሉ አንድ ብቻ ነበር፤ ያ ኮርኒስ ላይ ያለ አምፖል ይብራ።

ለስድስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ሲሆን ጋሽ ጉደታ በበሩ ገቡ። ትከሻቸው ላይ የመኪና ባትሪ ተሸክመዋል። ታክሲ ስላጡ ከፈረንሳይ እስከዚያ በዝናብ በእግራቸው ነው የመጡት፤ ውሃው ከኮታቸው ይንጠባጠባል። ዓይኔን አላዩም። ባትሪውን አውርደው ሽቦውን አያያዙልኝ። በራ። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ቀይ። መርማሪው ይሠራል እኮ አለ። ትንሽ ይጠብቁ አልኩት። ቢጫ ሆነ። ከዚያ ሁለቱም አረንጓዴ ሆኑ። መርማሪው ከወንበሩ ተነሳ። አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ እንደገና ቀይ እስኪመጣ ድረስ ቆሞ ጠበቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጠየቀን፦ "ይህንን ያለዋወጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አልኩ። ጋሽ ጉደታም እኩል "እኔ ነኝ" አሉ።

እዚህም ልትሸፋፈኑ ነው እንዴ ብሎ ተቆጣን። መሸፋፈን አይደለም፣ ሁለታችንም ነን ብለን ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለውን አንድ በአንድ ነገርነው። ጻፈ፤ ፈረምን። ከድር ላይ "ቀይ ጥሷል" የሚለው ቀርቷል። ያልሆነ ቃል ስለሰጠ ግን ይጠየቅበታል፤ መንጃ ፈቃዱም ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ እዚያው ነው። ክፍላችን ታሽጓል። እኔና ጋሽ ጉደታ ሲጠሩን እንቀርባለን፤ ምን እንደሚወሰንብን አላህ ያውቃል። እፈራለሁ፣ አባዬ። ለርስዎ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ፣ በጣም እፈራለሁ። ትናንት ደግሞ እማማ አገርነሽን ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። አልረገሙኝም። ክንዱስ ይድናል፣ ሁለት የተማራችሁ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ እየዋላችሁ እንዴት አትነጋገሩም አሉኝ።

መልሱን እስካሁን ሳስበው ነበር። እርስዎ ረዳት ሲያጠፋ በተሳፋሪ ፊት ቃል አይናገሩትም ነበር። ይህን ልማድ ከድርም ከርስዎ ወሰደ፣ እኔም ወሰድኩ። ሰውን በሰው ፊት አለማዋረድ ደግ ነገር ነው፤ ዛሬም አልጠላሁትም። ግን እርስዎ ደሴ ደርሰው፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያበቃ፣ ረዳቱን ለብቻው ጠርተው ጥፋቱን ይነግሩት ነበር። እኛ መሸፈኑን ብቻ ይዘን መናገሩን ተውነው።

አሁን የምለምንዎት አንድ ነገር ነው። መውሊድ አምስት ቀን ቢቀረው ነው። ከድር በዚያ እግሩ የትም አይሄድም፤ ስለዚህ ደጅዎን ይርገጥ አይርገጥ አይደለም ነገሩ። ስልኩን ትራሱ ሥር ነው የሚያኖረው። በጮኸ ቁጥር አውጥቶ ያያል፤ አይቶ መልሶ ያስገባል። ይደውሉለት። ተሳስቻለሁ ይበሉት። በሰው ፊት አይደለም፤ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ፤ ደሴ ደርሰዋል፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዷል።

ይህን ደብዳቤ ከማሸጌ በፊት ለጋሽ ጉደታም ለከድርም አንብቤላቸዋለሁ። ጋሽ ጉደታ የቀየርኩት አርብ ሳይሆን ሐሙስ ማታ ነው፣ የጫንኩት ነው አርብ ብለው አረሙኝ፤ እንዳሉት አስተካክያለሁ። ከድር ደግሞ "ዋሽቶዎታል የምትለዋን ሰርዢልኝ፣ አባባ ያዝናሉ" ብሎ ለመነኝ። አልሰረዝኩም።

እማዬን ሁለቱን ጉልበቷን ሳሙልኝ፤ ስኳሯን ትለካ። ናዲያን ጥርሷ ካልተሻላት ሐኪም ጋ ውሰዷት፣ በቅርንፉድ አትሸንግሏት። ጁነይድ፣ ሳትዘል ስላነበብክ አላህ ይስጥህ። ሰሚያና ልጆቿ እጅ ነስተዋል። ጋሽ ጉደታ ባያውቁዎትም ሰላም በይልኝ ብለዋል። ከድር ደግሞ "ለአባባ…" ብሎ ጀመረና ተወው። እርስዎ ይጨርሱለት።

ልጅዎ ሀውላ ሸሪፍ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ የካ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.